ለአድቬንቸር ሞተር የኋላ ፓራፋንጎ አመራረጥ፦ ከሐረጎ አስፋልት እስከ ጃማ ዋልካ

[ምስል፦ በጭቃ የተለሰነ የሞተር የኋላ ጎማ፣ ከቅርብ]

ሰላም ሞተረኞች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ አድቬንቸር ሞተር፣ ማለትም ለአስፋልትም ለጠጠር መንገድም ስለሚሠራው ሞተር፣ የኋላ ፓራፋንጎ ነው። ፋብሪካው ከገጠመው ውጭ፣ ለብቻው ተገዝቶ ስለሚጨመረው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ክረምት ላይ ከደሴ ተነስቶ ወደ ደላንታ ወይም ወደ ጃማ ለሚነዳ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ፓራፋንጎ ስትመርጡ ከመልኩም ከስሙም በፊት መታየት ያለበት በፓራፋንጎውና በጎማው መሀል ያለው ክፍተት ነው። ለምን? መጀመሪያ ጭቃው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ እንይ።

[ምስል፦ በዝግታ የሚሽከረከር የኋላ ጎማ፣ ከጎን]

ሞተሩ ወደ ፊት ሲሄድ የኋላ ጎማው የጀርባ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። አናቱ ደግሞ ወደ ፊት ይዞራል። ከጀርባው የሚላቀቀው ጭቃ ታርጋውን፣ ሻንጣውንና የእናንተን ጀርባ ይመታል። ከአናቱ የሚላቀቀው ግን ወደ ፊት ነው የሚወረወረው። እዚያ ደግሞ ሾክ አብዞርበሩ አለ። አብዛኞቹ አድቬንቸር ሞተሮች ከኋላ አንድ ሾክ ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱም ልክ ከጎማው ፊት ለፊት ቆሟል። የጎማው ጥርስ የነቀለው ጠጠርና ጭቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

የሾኩ ዘንግ የተወለወለ ብረት ነው። ጭቃ ከደረቀበት፣ ዘንጉ በወጣና በገባ ቁጥር አሸዋው ይፍቀዋል። ዘይቱን የሚይዘውን ጎሚኒም ይበላዋል። ጎሚኒው ከተበላ ዘይቱ ይፈሳል፣ ሞተሩም ጉድጓድ በነካ ቁጥር ይዘላል እንጂ አይረጋም። የአንድ አድቬንቸር ሞተር ሾክ ስንት እንደሚያወጣ የጠየቀ ሰው፣ ፕላስቲክ ፓራፋንጎ ውድ ነው አይልም።

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት አጭሩ፣ ጎማውን ከላይ የሚያቅፈው ዓይነት ነው። "አቃፊ" እንበለው። የሚታሰረው የኋላ ጎማውን በሚይዘው ክንድ ላይ ነው፣ ከጎማው ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። የስፔኑ ፑይግ፣ የፈረንሳዩ ኤርማክስና የእንግሊዙ ፒራሚድ ለብዙ ሞዴሎች ይሠሩታል። አንዳንዶቹ የካቴና መሸፈኛም አብሮ አላቸው፣ ያ ጥሩ ነው። ሌላው ዓይነት ጎማውን አያቅፍም። በጎማውና በሾኩ መሀል የሚቆም ጋሻ ነው። ማሺንአርት የሚባለው ኩባንያ ለቢኤምደብሊው ጂኤስ የሚሠራው ማድስሊንግ የዚህ ዓይነት ነው። ሦስተኛው ከጎማው ጀርባ በረጅም ክንድ የሚንጠለጠለው ነው። ለከተማና ለአስፋልት ያምራል። በጠጠር መንገድ ላይ ግን ያ ረጅም ክንድ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ብሎኑ ሥር ይሰነጠቃል። ለወሎ ገጠር መንገድ አልመክረውም።

አሁን ወደ ክፍተቱ እንመለስ።

[ምስል፦ ሐረጎ፣ ዝናብ እየዘነበ]

መንገዳችሁ ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ባቲ ወይም ከሚሴ ከሆነ አብሽሩ። በሰሜን በኩልም ሐይቅን አልፎ እስከ ወልድያ አስፋልት ነው። እዚያ የሚያስቸግረው ውሃ፣ ደቃቅ አሸዋና አልፎ አልፎ ጠጠር ነው። ለጎማው ቀረብ ያለ አቃፊ በደንብ ይሠራል። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይበቃዋል።

ደጋው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጃማን ሜዳ፣ ወረኢሉን፣ የደላንታን አምባ አስቡ። አፈሩ ዋልካ ነው። በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ክረምት ላይ ደግሞ እንደ ሊጥ ይለጥፋል። ሐምሌና ነሐሴ ብቻም አይደለም፤ በልጉ ሲገባም ያው ጭቃ ይመጣል። ዋልካ ከጎማው ላይ ተወርውሮ አይወድቅም። ከጎማው ጋር ይዞራል፣ በላዩ ሌላ ይደርባል። ቀረብ ያለ አቃፊ ካላችሁ በጎማውና በፕላስቲኩ መሀል ይጠቀጠቃል። ትንሽ ቆይቶ ጎማው መዞር ያቆማል። ሰው ይሄኔ ነዳጅ ይጨምራል፣ ፍሪሲዮኑም ይቃጠላል። ሾኩን ያድናል የተባለው ፓራፋንጎ ሌላ ዕቃ አስበላ ማለት ነው።

ስለዚህ ዋልካ ለሚነዳ ሰው የእኔ ምክር ግልጽ ነው። በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል የተጨበጠ እጅ መግባት አለበት። ያን የሚያህል ክፍተት ያለው አቃፊ ካላገኛችሁ አቃፊውን ተዉት፣ የሾክ ጋሻ ብቻ ግጠሙ።

የክፍተቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን ቅርጹም መታየት አለበት። ጭቃው አቃፊው ውስጥ የሚገባው በኋላ ጠርዙ ነው፣ የሚወጣው በፊት ጠርዙ። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ ከሆነ ጭቃው መሀል ላይ ይታሰራል። ወደ መውጫው እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን የገባው ሁሉ ይወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ከጎን የተነሳ ፎቶ ፈልጉና ይህችን እዩ። ብዙ ሻጮች ከላይና ከኋላ ብቻ ነው የሚያሳዩት።

ጎማ ስትቀይሩም ክፍተቱ ይቀየራል። የያማሃ ቴኔሬ 700 የኋላ ጎማ 150/70 ባለ 18 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ ስለዚህ የጎኑ ቁመት 105 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሱ ፋንታ 140/80 ብታስገቡ ቁመቱ 112 ነው። ቀጭን ጎማ ገባ ብላችሁ ስታስቡ 7 ሚሊ ሜትር ከክፍተቱ ላይ ሄደ። ጥርሱ ትልልቅ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ለክረምት ባለ ትልቅ ጥርስ የምታስገቡ ከሆነ ልኩን በሱ ውሰዱ።

[ምስል፦ ጋራዥ ውስጥ፣ ሞተር ብስክሌቱ ከኢንጅኑ ሥር ተደግፎ ቆሟል]

ሲገጠም የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። አቃፊው ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ከጎማው ጋር አይጋጭም። የሚጋጨው ከላይ ካለው ነገር ጋር ነው፤ ከመቀመጫው ሥር፣ ከማርሚታው፣ ከፍሬን ቱቦው። የሾክ ጋሻው ግን ሻንሲው ላይ ከታሰረ እሱ ቋሚ ነው፣ ጎማው ነው የሚመጣበት። ቴኔሬው ላይ የኋላ ጎማው 200 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፣ ሮያል ኢንፊልድ ሂማላያን 411 ላይ 180። ባዶ ሞተር ቆሞ ያያችሁት ክፍተት፣ ሰው አፈናጣችሁ ጤፍ ጭናችሁ ጉድጓድ ስትገቡ አይገኝም። ጋራዥ ወስዳችሁ የሾኩን የታች ብሎን አስፈቱና ጎማውን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አስገፉት። የሚነካካ ነገር ካለ ያኔ ይታያል።

ስለሚሠራበት ነገርም ትንሽ ልበል። ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ቀለም ይይዛል፣ መልኩ ያምራል፤ በድንጋይ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል። ፖሊፕሮፒሊን ታጥፎ ይመለሳል። የሞቶክሮስ ፓራፋንጎዎች ከሱ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ቀለምና ሙጫ አይወድም፣ ያ ግን እኛ መንገድ ላይ ጉዳት አይደለም። ካርቦን ፋይበር ቀላልና ውድ ነው፣ ለጠጠር መንገድ ገንዘብ አታባክኑበት። ምርጫው በእጄ ቢሆን ፖሊፕሮፒሊኑን እወስዳለሁ።

ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ሞዴሉንና የተሠራበትን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። ለምሳሌ የሆንዳ አፍሪካ ትዊን 1000 እና ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው 1100 የኋላ ክንዳቸው አንድ አይደለም። ለአንዱ የተሠራውን ለሌላው ላስገድድ ማለት ብሎን ማበላሸት ነው።

ማስመጣት ካልተቻለስ? ከከባድ መኪና ጎማ ጀርባ የሚንጠለጠለውን ወፍራም የጭቃ መከላከያ ላስቲክ አግኙ። በሾኩ ስፋት ልክ ይቆረጥ። ከላይ ሻንሲው ላይ፣ ከታች ክንዱ ላይ ይታሰር። የኋላ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ላስቲኩ እንዲተጣጠፍ ላላ ይበል። ከማርሚታው ይራቅ፣ ወደ ካቴናው እንዳይሳብም ጎኑ ይከርከም። ቆንጆ አይሆንም። ሾኩን ግን ይጠብቃል፣ ዋልካም አይጠቀጠቅበትም።

ሌላ ጥያቄ የሚበዛው ስለ ጅራቱ ነው። ረጅሙን የታርጋ መያዣ ቆርጦ አጭር ማድረግ ፋሽን ሆኗል። እባካችሁ ለገጠር መንገድ አትቁረጡት። ከጎማው ጀርባ የሚወጣውን ጭቃ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ከሄደ ጭቃው ታርጋውን፣ ፍሬቻውንና ስቶፑን ይሸፍናል። ማታ ሐረጎ ላይ ጉም ውስጥ ከኋላችሁ የሚመጣው ሲኖትራክ ሊያያችሁ ይገባል።

ስትገጥሙ የብሎኑን ራስ ወደ ጎማው፣ ዳዶውን ወደ ውጭ አድርጉ። ወደ ውስጥ የወጣ የብሎን ጫፍ ጭቃ ይሰበስባል፣ ጎማም ይቆርጣል። ፕላስቲኩና ብሎኑ መሀል የጎማ ሮንዴላ ይግባ። የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ፍሬኑ ሽቦ በፊት በነበሩበት መስመር ይመለሱ። ከመጀመሪያው የጠጠር ጉዞ በኋላ ሁሉንም ብሎን እንደገና አጥብቁ፤ ፕላስቲኩ ስለሚቀመጥ ይላላሉ።