ገሃነም በእግር የሚወረድበት ሸለቆ

[ምስል፦ ከኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ ግንብ በታች ያለ ሸለቆ]

ይህን ቦታ ልብ ብላችሁ እዩት። ሣር አለው፣ ዛፍ አለው፣ መንገድም አለው። ስሙ ገሃነም ነው።

አዎ፣ ያው የምንፈራው ገሃነም። በዕብራይስጥ «ጌ ሂኖም» ይሉታል፤ የሄኖም ሸለቆ ማለት ነው። ግሪኩ «ጌኤና» አለው፣ ግእዙ ደግሞ ገሃነም። በመጽሐፈ ኢያሱ ውስጥ ተራ የድንበር ምልክት ነው፤ ይሁዳና ብንያም የሚለዩበት።

ታዲያ ምን ነካው?

[ምስል፦ ሸለቆው በምሽት]

ልጆች ተቃጠሉበት። መጽሐፈ ነገሥትና ዜና መዋዕል ንጉሥ አካዝና ንጉሥ ምናሴ ልጆቻቸውን በእሳት እንዳሳለፉ ይናገራሉ። ቦታው ቶፌት ይባል ነበር፤ የሚሠዋውም ሞሎክ ለሚባል ጣዖት ነበር። በኋላ ንጉሥ ኢዮስያስ ማንም ዳግመኛ ልጁን እንዳይሠዋበት ብሎ አረከሰው። ነቢዩ ኤርምያስም ስሙን ቀየረው፦ «የእርድ ሸለቆ»።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሸለቆው የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነበር፣ እሳቱም ቀን ከሌት አይጠፋም ነበር የሚል ነው። እኔም ለዓመታት አምኜው ነበር። ግን ይህን ነገር ተጽፎ የምናገኘው በ1200 ዓ.ም. ገደማ፣ ራቢ ዳዊት ቂምሒ የሚባል የአይሁድ መምህር በጻፈው የመዝሙር ትርጓሜ ላይ ነው። ከክርስቶስ ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ሸለቆውን ያስረገመው ቆሻሻ አይደለም። የልጆች ደም ነው። ይህ እንዲረሳ አልፈልግም።

[ምስል፦ የግእዝ ብራና]

ከዚያ በኋላ ሸለቆው ከምድር ካርታ ወጥቶ ወደ ወዲያኛው ዓለም ተሻገረ። ይህን ጉዞ በደንብ የሚያሳየን መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግእዝ ብቻ ነው፤ በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻ የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች ደግሞ ጥንታዊነቱን መሰከሩለት። ሄኖክ ከቅዱሱ ተራራ አጠገብ ጥልቅ ሸለቆ ያያል። «ይህች ምድር የተባረከች ሆና ሳለ ይህ የተረገመ ሸለቆ ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልአኩ ዑራኤል፣ ለዘላለም ለተረገሙት ነው ብሎ ይመልስለታል። የሄኖምን ስም አይጠራም። ግን ኢየሩሳሌምን የሚያውቅ ሰው ቦታውን አይስተውም።

በቀደሙት የዕብራይስጥ መጻሕፍት ሲኦል እንዲህ አልነበረም። ጻድቁም ኃጥኡም የሚወርድበት ጸጥ ያለ የሙታን አገር ነበር። ያዕቆብ ለዮሴፍ ሲያለቅስ፣ እያዘንኩ ወደ ሲኦል እወርዳለሁ ያለው ለዚህ ነው።

በሐዲስ ኪዳን ግሪክ ገሃነም 12 ጊዜ ተጠቅሷል፤ 11ዱ ከጌታ አፍ የወጡ ናቸው። የሰሙት ሰዎች ሸለቆውን በእግራቸው ወርደው የሚያውቁት ናቸው። የአይሁድ መምህራንም ብዙ ተነጋግረውበታል። የቃል ሕጋቸው በተሰበሰበበት በሚሽና የኃጥኣን ፍርድ በገሃነም 12 ወር ነው የሚል ቃል አለ። ሚሽናን በሚያብራራው በታልሙድ ደግሞ በሸለቆው ሁለት ዘንባባዎች አሉ፣ በመካከላቸው ጭስ ይወጣል፣ የገሃነምም በር ያ ነው ተብሏል።

[ምስል፦ በድንጋይ የተፈለፈለ መቃብር]

አሁን ወደ ሸለቆው አፋፍ እንውጣ። እ.ኤ.አ. በ1979 አርኪዮሎጂስቱ ገብርኤል ባርካይ እዚህ መቃብር ውስጥ ሁለት ትንንሽ የብር ጥቅልሎች አገኘ። እኛ ክታብ የምንለው ዓይነት ናቸው። እንዳይሰባበሩ ተፈርቶ ለመፍታት ዓመታት ፈጀ። ሲፈቱ የካህናት ቡራኬ ተጽፎባቸው ተገኘ፤ ያ ከኦሪት ዘኁልቁ የምናውቀው፦ «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ይጠብቅህም»። እስከ ዛሬ ከተገኙት የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ከተጻፈባቸው ነገሮች ሁሉ የሚቀድማቸው የለም።

አንድ ሰው ያንን ክታብ ይዞ እዚህ ተቀበረ። ኤርምያስ ከታች ባለው ሸለቆ ላይ በሚጮኽበት ዘመን ገደማ።