ከዋናው ባንድ በፊት ማን ይውጣ?

እሺ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም፣ ወረቀትም አልያዝኩም፣ ሰሞኑን ሲከነክነኝ የከረመ ነገር አለ፣ እሱን ዘርግፌው ልገላገል ብዬ ነው ማይኩን የከፈትኩት።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ አንድ ትልቅ የሮክ ባንድ ቱር ሊወጣ ነው ሲባል የመጀመሪያ ቀን ሰው ሁሉ በደስታ ያብዳል፣ የት ከተማ ነው፣ መቼ ነው፣ ቲኬት መቼ ይለቀቃል ምናምን። በማግስቱ ሰው ፖስተሩን ረጋ ብሎ ማየት ይጀምርና ከታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የከፋቹ፣ ማለትም ከዋናው ባንድ በፊት የሚጫወተው ባንድ፣ ስም ላይ ዓይኑ ያርፋል፣ በቃ አለቀ። «እነዚህን ደሞ ከየት ጎትተው አመጧቸው?» «ምን ያገናኛቸዋል?» «እኔ ብሆን እነ እንትናን ነበር የማስገባው» እየተባለ ሳምንት ሙሉ ንትርክ ነው። ገና አንድም ጊታር አልተነካም እኮ! ስለ ዋናው ባንድ የሚያወራ ይጠፋል፣ ጦርነቱ ሁሉ ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አርባ አምስት ደቂቃ ስለሚጫወቱት ልጆች ይሆናል።

አንደኞቹ «ሙዚቃው መመሳሰል አለበት» ባዮች ናቸው፣ ሜታል ከሆነ ሜታል፣ ፓንክ ከሆነ ፓንክ፣ ጆሮዬ ሳይደነግጥ ተሟሙቆ ይጠብቅ ነው የሚሉት። ሁለተኞቹ «የማላውቀውን አሳዩኝ» ይላሉ፣ እነዚህ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ትንሽ ጉራ ቢጤ ብትኖርባቸውም። ሦስተኞቹ ደሞ እንደ አንድ ጓደኛዬ ናቸው፣ «እኔ የከፈልኩት ለአንድ ባንድ ነው፣ ሌላው ሰዓት መግደያ ነው» ይላል፣ ሁሌም ዘግይቶ ነው የሚገባው፣ ከዛ ሲወጣ ከፋቹ አይረባም ነበር ብሎ ሲተነትን ትሰሙታላችሁ። አላየሃቸውም እኮ ወንድሜ!

እኔ ለሁለተኞቹ አደላለሁ፣ አልደብቅም። ግን ክርክሩ ራሱ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። «ማን ይክፈት» ላይ እንገዳደላለን እንጂ «ዋናው ባንድ ይዞት የመጣውን ሰው እንዴት ነው የሚይዘው» የሚል ሰው የለም። እንግዳ ጠርቶ ከማንም ጋር ሳያስተዋውቀው ጓዳ ገብቶ የሚጠፋ ባለቤት ታውቁ የለ? እንግዳው ሲጨንቀው፣ ቤተኛው እንግዳውን ሲገላምጠው... ጥፋቱ የእንግዳው ነው እንዴ?

በጣም የሚወራውን ምሳሌ ልውሰድ፣ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። 1967። ሞንኪስ በቲቪ ሾዋቸው የገነኑ ባንድ ነበሩ፣ ኮንሰርታቸው የሚሞላው በታዳጊ ሴት ልጆች ነው፣ ወላጆቻቸውን አስከትለው የመጡም አሉ። ከፋች አድርገው ይዘው የወጡት ማንን ነው? ጂሚ ሄንድሪክስን! በጥርሱ ጊታር የሚመታውን፣ ጊታር ያቃጠለውን ሰውዬ። ከሞንኪስ አንዱ፣ ሚኪ ዶሌንዝ፣ ሞንተሬይ ፌስቲቫል ላይ አይቶት አብዶለት ነበር። ታዲያ ሄንድሪክስ ወጥቶ ሲጫወት ልጆቹ «ዴቪ! ዴቪ!» እያሉ ይጮሃሉ፣ የሞንኪሱን ዴቪ ጆንስን ፈልገው ማለት ነው፣ ሄንድሪክስ ደሞ ጥቂት ሾው ታግሶ ያንኑ ጁላይ ጥሎ ሄደ። ይኼን ታሪክ ሰው ሁሌ የሚያወራው ለቀልድ ነው፣ «በታሪክ የከፋው ምርጫ» እያለ። እኔ ግን ምርጫው ላይ ችግር አይታየኝም፣ ሙዚቀኞቹ ከልባቸው የሚወዱትን ሰው ነው ያመጡት፣ እንደውም ከስቴጁ ጎን ቆመው ሲያዩት ነበር ይባላል። ችግሩ ፍቅሩ እዛው ስቴጁ ጎን መቅረቱ ነው፣ ለፊተኛው ረድፍ አልደረሰም። የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ በምን ተአምር ትገነዘበው?

ከሱ በላይ የሚያስገርመኝ ግን የሮሊንግ ስቶንስ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ባንድ ሁለቱንም ነገር አድርጎታል። 1972 ላይ አሜሪካን ሲዞሩ ከፋቻቸው ስቲቪ ወንደር ነበር። ስቲቪ ሮክ አይደለም፣ የሶል ሰው ነው፣ የዛሬዎቹ «ይመሳሰል» ባዮች ያኔ ቢኖሩ ፖስተሩን ይቀዱት ነበር። ግን ሾው ሲያልቅ ስቲቪ ተመልሶ ይወጣና ከነሱ ጋር አንድ ላይ ይጫወታል፣ አንዱ ዘፈን የሱ፣ አንዱ የነሱ፣ ያያያዙታል። እዛ አዳራሽ ውስጥ ያለው የስቶንስ ፋን ምንም ቲዎሪ አያስፈልገውም፣ የስቶንሱ ዘፋኝ ሚክ ጃገር እና ስቲቪ እጅና ጓንት ሆነው ሲዘሉ እያየ ነው፣ ሰውዬው የነሱ ሰው ነው፣ ተፈጸመ።

ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ ኦክቶበር 1981፣ ሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም፣ ትልቁ ስታዲየም። የስቶንስ ከፋች ዘፋኙ ፕሪንስ ነው። ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከስቶንስ በፊት እነ ጆርጅ ቶሮጉድ እና ጄ ጋይልስ ባንድም አሉ፣ እሱ መጀመሪያ ነው የሚወጣው፣ በጠራራ ፀሐይ። የለበሰው ጥቁር ፓንት ቢጤ ነው፣ ላዩ ላይ ኮት። ያ ሁሉ ሕዝብ በጩኸት ተነሳበት፣ ጠርሙስ፣ ምግብ፣ ያገኘውን ይወረውራል። ጥቂት ዘፈን ተጫውቶ ወረደ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሚኒያፖሊስ ቤቱ ገባ። ማናጀሩ ለመነው፣ ጃገር ራሱ ስልክ ደወለለትና ለሁለተኛው ቀን ተመለሰ፣ ሁለተኛው ቀን ደሞ ያው ነው፣ ወረወሩበት። በሦስተኛው ዓመት ያ ሰውዬ «ፐርፕል ሬይን» የሚለውን ታላቅ አልበሙን አወጣ፣ እና መቼም ከወረወሩት አንዳንዶቹ ካሴቱን ገዝተዋል ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ማስረጃ የለኝም ግን እወራረዳለሁ።

እዚህ ጋ ጃገርን አልወቅሰውም፣ የጋበዘውም ወዶት ነው፣ ስልክም ደውሏል። ግን ስልክ መደወል እና ከሰውዬው ጎን ስቴጅ ላይ መቆም አንድ አይደለም። በ72 ቆመዋል። በ81 እዛ ሜዳ ላይ ልጁ ብቻውን ነበር።

ብቻውን ስል ደሞ ቃል ለማሳመር አይደለም፣ እስኪ የከፋች ባንድ ስቴጅ ምን እንደሚመስል አስቡት። የዋናው ባንድ ድራም መሃል ላይ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ቁጭ ብሏል፣ ማንም አይነካውም። የከፋቹ ድራም ከሱ ፊት፣ አንዳንዴ ወደ ጎን ተገፍቶ ይተከላል፣ ስለዚህ ዘፋኙ የቀረችው ቦታ ስቴጁ አፋፍ ላይ ያለች ቀጭን መንገድ ነች፣ ሦስት እርምጃ ወደፊት ቢሄድ ይወድቃል። ሳውንድ ቼክ፣ ከሾው በፊት የድምፅ ሙከራ ማለት ነው፣ የሚጀምረው ዋናው ባንድ ነው፣ እነሱ ሁለት ሰዓት ከወሰዱ ለከፋቹ የሚተርፈው አስር ደቂቃ ነው፣ አንዳንዴ ምንም፣ በቃ ገመዱ መስራቱን አይቶ መጫወት ነው። መብራቱ በከፊል፣ ድምፁም ከዋናው ዝቅ ተደርጎ፣ ትልቁ ስክሪን ጠፍቶ። ፊት ለፊት ያሉት ደሞ ከጠዋት ጀምረው ብረቱን ይዘው የቆሙት ናቸው፣ የባንዱ ቲሸርት የለበሱ፣ ያልበሉ፣ ሽንት ቤት ያልሄዱ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቀና ብለው የሚያዩህ። በጣም ቀናተኞቹ ፋኖች ማለት እነሱ ናቸው፣ ከሃምሳ ሺህ ሰው መሃል ከፋቹ ዓይን ለዓይን የሚገጥመው የነሱን ፊት ብቻ ነው። ኋላ ወንበር ላይ የሚያጨበጭብ ካለም አይታየውም።

ከዛ እኛ «ድምፃቸው ደካማ ነበር» እንላለን። ደካማ እንዲሆን ተደርጎ እኮ ነው!

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሁሉም ከፋች በፍቅር የተመረጠ አይደለም። ፋኖች ስንከራከር ዘፋኙ ማታ ማታ ፕሌይሊስቱን እየሰማ «እነዚህን ላምጣ» ያለ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ አንድ ማናጀር ነው ሁለቱንም የያዛቸው፣ ወይ ሾው የሚያዋውል አንድ ቡኪንግ ኤጀንሲ፣ ወይ አንድ ሌብል፣ አልበም አሳታሚ ማለቴ ነው፣ ወይ ደሞ ሁለተኛው ስም የቀረችውን ቲኬት ይሸጥልናል ተብሎ ነው። ከፋቹ ባንድ ራሱ ከፍሎ የሚገባበት ቱርም አለ፣ በተለይ ሜታል ውስጥ፣ አዎ፣ ሰው ፊት ለመጫወት ገንዘብ ይከፍላል፣ ላዩ ላይ መኪናውን፣ ሆቴሉን ራሱ ይችላል። ስለዚህ ያ የምትሳደቡት ባንድ ምናልባት ብድር ውስጥ ሆኖ ነው የቆመላችሁ። ይኼን ስላወቃችሁ ሙዚቃቸውን ውደዱት አልልም፣ መጥፎ ባንድ መጥፎ ባንድ ነው፣ ግን ጠርሙሱ ይቅር።

ስለ ጠርሙስ ካነሳን ኒርቫናን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ኦክቶበር 30፣ 1992፣ አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ፣ የቬሌዝ ሳርስፊልድ ስታዲየም። ከፋች አድርገው ያመጡት ካላሚቲ ጄን የሚባል የሴቶች ፓንክ ባንድ ነው፣ ጓደኞቻቸው ናቸው። ሕዝቡ አዋረዳቸው፣ ተሰደቡ፣ እየተወረወረባቸው ነው የወረዱት። የኒርቫናው ዘፋኝ ከርት ኮቤይን ይኼን ሁሉ አይቷል። ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ወጥቶ ማንም የማያውቀውን ነገር በመጫወት ጀመረ፣ ከዛ ያንን ሁሉም የሚጠብቀውን ትልቁን ዘፈን፣ «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት»ን፣ መግቢያውን ይነካካና ሕዝቡ ሲፈነዳ ያቆመዋል፣ ወደ ሌላ ዘፈን ይሄዳል። ደሞ ይነካካል፣ ደሞ ያቆማል። ሾው አለቀ፣ ዘፈኑ አልተዘፈነም።

ይኼን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ሁለት ሰው ነው የምሆነው። ያ ሁሉ ሰው አልወረወረም እኮ፣ ብዙው ምንም ያላደረገ ነው፣ ገንዘቡን አጠራቅሞ የመጣ፣ ምናልባት ኋላ ቆሞ ካላሚቲ ጄንን ወዷቸው የነበረ። እሱ ለምን ይቀጣል? እኔ እዛ ብኖር ንድድ ነበር የሚለኝ። ግን ደግሞ እኔ ያ ከፋች ባንድ ብሆን... ከመጋረጃ ጀርባ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ያንን መግቢያ ሲቆም፣ ሲቆም፣ ሲቆም ብሰማ፣ ማንም እንደዛ አድርጎልኝ አያውቅም ነበር የምለው። ሁለቱን ስመዝን ለከርት ነው የማደላው። በትንሹ።

ደስ የሚለኝን ደሞ ልንገራችሁ። 1996 ሬድዮሄድ አላኒስ ሞሪሴት ቱር ላይ ከፋች ነበሩ፣ አስቡት፣ አላኒስ በዛ ጊዜ ዓለምን ይዛለች፣ እነሱ ደሞ ገና ያልቀረጿቸውን ዘፈኖች ሰው ፊት እየሞከሩ ነው። «ፓራኖይድ አንድሮይድ» የሚለው ዘፈናቸው በዛ ጊዜ መጨረሻው ረጅም የኦርጋን ሶሎ ነበረው፣ የማያልቅ። ለአላኒስ የመጣ ሰው ያንን ቁጭ ብሎ ሰማ! በዓመቱ «ኦኬ ኮምፒውተር» የሚለው አልበማቸው ወጣ፣ ኦርጋኑ ተቆርጦ። ለኔ የከፋችነት ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው፣ ማንም አንተን ብሎ ስላልመጣ ነፃ ነህ፣ ያልበሰለውን አውጥተህ ታየዋለህ፣ የሚጠብቅህ ዘፈን የለም። እነ «ይመሳሰል» ባዮች እንዳሉት ቢሆን ሬድዮሄድ እዛ ቱር ላይ ምን ያደርጋል?

ደሞ ደረጃውም አይታመንም። 1991 መጨረሻ ላይ ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ ሲዞሩ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ላይ የስማሺንግ ፓምፕኪንስን ቦታ ኒርቫና ያዘ፣ ስለዚህ ፖስተሩ ከታች ወደ ላይ ሲነበብ ፐርል ጃም፣ ኒርቫና፣ ቺሊ ፔፐርስ ነው። ጃንዋሪ ሲገባ የኒርቫና አልበም አሜሪካ ቻርት ላይ አንደኛ ወጣ። ያኔ ዘግይቶ የገባ ሰው፣ እንደ ጓደኛዬ ያለው ማለቴ ነው፣ ፐርል ጃም አምልጦታል።

በቅርብ ጊዜ ካየሁት ደሞ የሜታሊካ አሰራር ነው የሚማርከኝ፣ በ2023 በጀመሩት ቱር አብዛኛው ከተማ ላይ ሁለት ማታ ተጫወቱ፣ አንድም ዘፈን አልተደገመም፣ ከፋቾቹም በየማታው የተለያዩ ነበሩ። ፋኑ ያው ተጨቃጨቀ፣ «አርብ ጥሩዎቹን አስቀምጠው እሁድ እነዚህን ሰጡን» ምናምን። ቢሆንም ከፋቾቹ ሁለት ስብስብ ሲሆኑ ሰው ሳይወድ በግድ ያወዳድራል፣ ለማወዳደር ደሞ መስማት አለበት፣ ለመስማት ቀድሞ መግባት አለበት። ተንኮል ናት፣ ወድጃታለሁ።

እና የሚቀጥለው ቱር ፖስተር ሲወጣ እኔ የማየው ስሙን አይደለም፣ የማየው የመጀመሪያው ማታ ቪዲዮ ነው፣ ዋናው ዘፋኝ መሃል ላይ ቆም ብሎ ስማቸውን ይጠራል ወይ? አብረው የሚጫወቱት አንድ ዘፈን አለ? ስክሪኑ በርቶላቸዋል? እነዚህ ካሉ ጃዝም ይክፈት፣ ራፕም ይክፈት፣ አንድ ሰው በአኮርዲዮን ይክፈት፣ ምን ገዶኝ።

እናንተም ሳታውቁት ሄዳችሁ ከዋናው ባንድ ይልቅ ይዛችሁ የወጣችሁት ከፋች ካለ ድምፅ ቅዱና ላኩልኝ፣ የሚቀጥለው ኤፒሶድ ላይ አሰማዋለሁ። ከአንድ ደቂቃ አታስረዝሙት። «አላየሁም፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት» የሚል ግን አይላክ፣ አንተን ነው ጓደኛዬ፣ እየሰማህ እንደሆነ አውቃለሁ።