«ሰው ምትክ የለውም»፦ ስለ ክሎኒንግ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ፊልም አይታችሁ ስለ ሰው ክሎኒንግ፣ ማለትም ከአንድ ሰው ሴል በዘር አምሳያውን ስለ ማስወለድ፣ የምትደውሉ በዝታችኋል። የዛሬዎቹ እነዚህ ናቸው።

ከሽምብጥ፦ ክሎን የተደረገ ሰው አለ?
የለም። አድርገናል ያሉ ነበሩ፤ ማስረጃ ያመጣ ግን የለም።

ከጊዮን አካባቢ፣ አንድ ወጣት፦ ፊልም ላይ ሰውዬው ማሽን ውስጥ ሲገባ አምሳያው ወዲያው ይወጣል። እውነት ነው?
አይደለም ወንድሜ። ከሚቀዳው አካል ሴል ውስጥ ኒውክሊየሱ፣ ማለትም የዘር መረጃውን የያዘው የሴሉ እምብርት ተወስዶ፣ የራሷ ኒውክሊየስ በወጣላት እንቁላል ውስጥ ይገባል። ከዚያ ማህፀን ውስጥ አድጎ ይወለዳል። ስኮትላንድ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. ዶሊ የተባለችው በግ ስትወለድ 277 እንቁላሎች ተሞክረው በሕይወት የተወለደችው እሷ ብቻ ናት። ያልተሳካውን ፊልሙ አያሳይህም። በሰው ይሞከር ስትል የስንት ሴት እንቁላልና ማህፀን እንደሚጠይቅ አስብ።

ከጎርጎራ፣ አንድ ዓሣ አስጋሪ፦ ክሎኒንግ በተፈጥሮ አለ?
አለ አባቴ። መረብዎን የሚያስቸግረው እምቦጭ ከጎኑ ቅጥያ እየላከ ራሱን የሚመስል ያበቅላል።

ከባሕር ዳር፣ አንዲት እናት፦ የሞተ ልጄን ፀጉር አስቀምጫለሁ። ፊልም ላይ ወላጆች ልጃቸውን ሲያስመልሱ አይቻለሁ። ከእሱ በኋላ የወለድኩትን ምትኩ ብዬዋለሁ፤ የወንድሙን ልብስ ነው የማለብሰው።
እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ። ፀጉሩን ያስቀምጡት፤ መታሰቢያ ነው። ልጅዎን ግን አይመልስም። ፊልሙ ላይ ልጁ ከነትዝታው ይመጣል፤ በእውነቱ ቢሳካ እንኳ የሚወለደው እርስዎን የማያውቅ ሌላ ሕፃን ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ በክሎኒንግ የተወለደችው ድመት የፀጉሯ ቀለም እንኳ ከምንጯ ይለያል። ሰው ምትክ የለውም።

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን በሕይወት ያለው ልጅ ነው። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ እንላለን። ስሙ ክፋት የለውም፤ ከሐዘን ወጥተን ያወጣነው ስም ነው። ክፉው «ወንድምህ ቢሆን እንዲህ አያደርግም ነበር» ማለታችን ነው። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ የሟች ወንድሙን ሰዓት ያስራል። ሰዓቱ ቆሟል። «ባትሪ አስገባበት እንጂ» አልኩት። «እናቴ እንደተወው ይሁን ትላለች» አለኝ። ያ ልጅ የሰው ዕድሜ ተሸክሞ ነው ያደገው። ክሎን የተደረገ ልጅም ቢወለድ ሸክሙ ይኸው ነው፤ ሳይወለድ ማን መሆን እንዳለበት ተወስኖበታል። እባክዎ ለምትኩ በልኩ ልብስ ይግዙለት። የእሱን ልደት በእሱ ቀን ያክብሩለት። ሐዘኑ እንቅልፍ ከነሳዎት ሆስፒታል ሄደው የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ነውር የለውም።

ከዘጌ፦ ፊልም ላይ ሀብታሞች ለኩላሊታቸው ብለው ክሎን ያስቀምጣሉ። ክሎኑ ሰው ነው?
ሰው ነው። ከማን እንደተቀዳ ለውጥ የለውም። እዚህ ላይ ፊልሞቹ ልክ ናቸው። ሰው ምትክም መለዋወጫም አይደለም።

ከቀበሌ 11፦ ለእናቴ አዲስ ኩላሊት ከራሷ ሴል እናበቅላለን የሚሉ ቴሌግራም ላይ አገኘሁ። ቀብድ ጠይቀውኛል።
አትላክ። እጥበቷንም እንዳታቋርጥ። ነገ ጠዋት ወደ ሐኪሟ ውሰዳት።