የኒውክሌር ኩባንያን ማመን የሚቻለው መቼ ነው?

[ምስል፦ የሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ካርታ። በባሕሩ ዳር ሁለት ነጥቦች ይበራሉ።]

ኦናጋዋ እና ፉኩሺማ ዳይቺ። ሁለቱም የኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎች ናቸው፤ ሁለቱም ፊታቸው ወደ አንድ ውቅያኖስ ነው። በፈረንጆቹ ማርች 11 ቀን 2011 አንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለቱንም መታቸው። ቀጥሎ 13 ሜትር ገደማ የሚደርስ ሱናሚ መጣ። ለመንቀጥቀጡ መነሻ ይበልጥ የሚቀርበው ኦናጋዋ ነበር። የተረፈው ግን እሱ ነው።

እንዴት?

[ምስል፦ የኦናጋዋ ግቢ ከጎን ሲታይ። ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ በመስመር ይለካል።]

የኦናጋዋ ባለቤት ቶሆኩ ኤሌክትሪክ ነው። ማመንጫው ገና ሲታቀድ ያኖሱኬ ሂራይ የሚባል የኩባንያው መሐንዲስ ግቢው ከፍ ይበል ብሎ ሙጭጭ አለ። በ869 አካባቢውን የመታውን ሱናሚ እያነሳ ተከራከረ። ሌሎች ይህን ያህል ከፍታ ለምኑ ነው፣ ወጪ ነው ቢሉትም አልተበገረም። በመጨረሻ ግቢው ከባሕር ወለል 14.8 ሜትር ላይ ተሠራ። ሂራይ በ1986 አረፈ፤ ያንን ቀን አላየውም።

በ2011 መንቀጥቀጡ መሬቱን ራሱን 1 ሜትር ገደማ አሰመጠው። ውሃው ግቢው ላይ ሊወጣ 1 ሜትር የማይሞላ ሲቀረው ቆመ። በእርግጥ እሳት ተነስቷል፣ በአንድ በኩልም ውሃ ገብቷል። ሪአክተሮቹ፣ ማለትም የኒውክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚያመነጭባቸው ክፍሎች፣ ግን በሥርዓቱ ቀዘቀዙ። ቤታቸውን ማዕበል የወሰደባቸው ከ300 በላይ የአካባቢው ሰዎች የተጠለሉት የት መሰላችሁ? እዚያው ማመንጫው ግቢ ውስጥ፣ የስፖርት አዳራሹ ውስጥ።

[ምስል፦ ፉኩሺማ ዳይቺ።]

የፉኩሺማው ባለቤት ቴፕኮ ነው። ቦታው መጀመሪያ 35 ሜትር ከፍታ ያለው ገደል ነበር። ኩባንያው ቆርጦ ወደ 10 ሜትር አወረደው። ከባድ ዕቃ በመርከብ ለማስገባትም፣ የባሕር ውሃ ለመሳብም ይቀላልና።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሪአክተር ቢጠፋም ነዳጁ ሙቀት ማመንጨቱን አያቆምም። ስለዚህ ውሃ የሚያዘዋውሩት ፓምፖች ኤሌክትሪክ ማጣት የለባቸውም። በዚያ ቀን መንቀጥቀጡ ከውጭ የሚመጣውን መስመር ሲቆርጥ የናፍጣ ጀነሬተሮቹ ተነሱ። አብዛኞቹ ግን ምድር ቤት ነበሩ። ውሃው ገባባቸው። የ3 ሪአክተሮች ነዳጅ ቀለጠ፤ ከ150 ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ።

ያልተጠበቀ አደጋ ነው ተባለ። ነገር ግን በ2008 የኩባንያው የራሱ ስሌት እስከ 15.7 ሜትር የሚደርስ ሱናሚ ሊመጣ እንደሚችል አሳይቷል። ኃላፊዎቹ ግድግዳ ከመገንባት ይልቅ ጉዳዩ ይጠና አሉ። ስሌቱ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እጅ የገባው ማርች 7 ቀን 2011 ነው። ከአደጋው 4 ቀን በፊት!

እኔን ከማዕበሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ቁጥሩ ነበር። ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ችግሩም ያኔ አልጀመረም። በ2002 ቴፕኮ የፍተሻ መዝገቦችን ሲያጭበረብር እንደኖረ ተጋለጠ። አለቆቹ ሥራ ለቀቁ፤ በሁሉም ማመንጫዎቹ ያሉት 17ቱም ሪአክተሮች ለፍተሻ ቆሙ። ከአደጋው በኋላም ነዳጁ መቅለጡን በግልጽ ለማመን 2 ወር ፈጀበት። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2012 አደጋውን ሰው ሠራሽ ብሎታል። ተቆጣጣሪውና ኩባንያው እጅና ጓንት ሆነው ነበር። በወንጀል የተከሰሱት የቀድሞ ኃላፊዎች ግን በነፃ ተሰናብተዋል፤ ውሳኔው በ2025 ጸንቷል። ቤታቸውን ላጡት ሰዎች ይህ ምን ያህል እንደሚመር መገመት አያቅትም።

ስለዚህ አንድ ኩባንያ “ደህና ነው፣ እመኑን” ሲል እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ መጥፎው ቁጥር ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ ተነስቶ ሕዝቡ ጋ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? እምቢ የሚለው ተቆጣጣሪስ አለ ወይ?

[ምስል፦ የካሺዋዛኪ ካሪዋ ማመንጫ መግቢያ በር።]

ጃፓን በ2012 አዲስ ተቆጣጣሪ አቋቋመች። በ2020 ቴፕኮ በሚያስተዳድረው ሌላ ማመንጫ፣ በካሺዋዛኪ ካሪዋ፣ አንድ ሠራተኛ የባልደረባውን መታወቂያ ይዞ መቆጣጠሪያ ክፍል ገባ። የጥበቃ መሣሪያዎችም ተበላሽተው መቆየታቸው ታወቀ። ተቆጣጣሪው በ2021 ነዳጅ ንክች እንዳታደርጉ ብሎ አገደ። ያንን ግዙፍ ማመንጫ ይዞ መቆም ለኩባንያው ከባድ ኪሳራ ነው። እገዳው የተነሳው በ2023 መጨረሻ ነው።