ጳጉሜን 5 ሜይ 13 የሆነ ዕለት

(ለአዲስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ኮምፒውተር እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። የማጠናው ዋግ የሚባለውን የስንዴ በሽታ ነው። ወደዚህ ሙያ ስገባ ማሳ ለማሳ እየዞርኩ የምኖር መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ማሳ ላይ አንድ ሰዓት ከዋልኩ፣ ስክሪን ላይ አምስት ሰዓት አፈጥጣለሁ። የእናንተም ዕጣ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የቱን ላፕቶፕ ልግዛ?" ብሎ ነው። ቶሎ መልሼው ልለፍ። ራሙ 16 ጊጋ ይሁን። ዲስኩ ፈጣኑ፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ይሁን። ባትሪው መብራት ሲጠፋ ሁለት ሦስት ሰዓት ያቆያችሁ። አዲስ ለመግዛት አቅም ያጠራችሁ ያለቻችሁን አሮጌ ላፕቶፕ አትናቋት። የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ያላት፣ አስወጡትና ኤስኤስዲ አስገቡላት፤ ነፍስ ትዘራለች። ዴስክቶፕ የደረሳችሁ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ ሳይኖራችሁ እንዳትቀመጡ። የሳተላይት ምስል ወይም ጂኖም የምትሠሩ ጉዳያችሁ ሌላ ነው፤ ለብቻ እንነጋገራለን። የቀረው የሻጭ ወሬ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ማሽኑ ሳይሆን ማሽኑ ውስጥ የምናስገባው ነገር ነው።

በ2009 ክረምት የዋግ ዳሰሳ ላይ ነበርን። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቀኑን በወረቀት ላይ በእኛ አቆጣጠር መዘገቡ። ከዚያ አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ኤክሴል ወደሚባለው የሰንጠረዥ ፕሮግራም አስገባ። ጳጉሜን 5 የታየውን ማሳ 5/13/2009 ብሎ ጻፈው። ልጁ አልተሳሳተም፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ነው። የኮምፒውተሩ ሴቲንግ ግን የአሜሪካ ነበር፤ እዚያ ወር ይቀድማል። ኤክሴል "ሜይ 13" ብሎ እልም አደረገው። አስቡት እስቲ፤ 13ኛ ወር የሚባል ነገር የማያውቅ ፕሮግራም ጳጉሜንን ሳያኝክ ዋጣት! በፈረንጅ ሴፕቴምበር 10፣ 2017 መሆን የነበረበት ቀን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። 28/12/2009፣ ማለትም ነሐሴ 28፣ ሲመጣ ደግሞ 28ኛ ወር የለም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው።

እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም። ግራፉን ስሠራው ስንዴው ገና ሳይዘራ ዋጉ ቅጠል ላይ ወጥቷል። ለአንድ አፍታ አዲስ ግኝት ያገኘሁ መስሎኝ ልቤ ዘለለ፤ አልዋሻችሁም። ከዚያ ሦስት ሌሊት ወረቀቱን አንድ በአንድ ከኮምፒውተሩ ጋር ሳመሳክር አነጋሁ።

ምልክቱ ዓይኔ ሥር ነበር። ኤክሴል ቀን ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፤ ጽሑፍ ያለውን ወደ ግራ ይተዋል። አንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ ከቆመ ጉድ አለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቀንን በአንድ ሳጥን አላስገባም። ቀን ለብቻ፣ ወር ለብቻ፣ ዓመት ለብቻ፤ ሦስት ዓምድ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት በፈረንጅ ስምንት ነው፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ ቅጹ ላይ ካልወሰናችሁ፣ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም።

እኛ ብቻ አይደለንም የተነካነው። ማርች 1 እና ሴፕት 1 የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ። ኤክሴል ስማቸውን ቀን እያደረገ ስላስቸገረ፣ የጂን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ስማቸውን ራሱን ቀየረው፤ በፈረንጅ 2020 ይህንኑ መመሪያው ላይ አሰፈረ። ሳይንስ ለኤክሴል እጅ ሰጠ ብላችሁ ሳቁ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ዕለታዊ ሪፖርት ውስጥ ሳይገቡ ቀርተው ነበር። መረጃው የተገለበጠበት የድሮ የኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። ሲሞላ የተረፈውን ጣለው።

የፊደላችንም ጣጣ አለ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ፣ ጸሀይ። ለእኔና ለእናንተ አንዲት ሴት ናት። ለኮምፒውተሩ አራት ገበሬዎች ናቸው፣ አራት ማሳ ያላቸው። ስም ላይ አትተማመኑ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ስጡ።

ሶፍትዌር። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት መቆለፊያው የተሰበረ፣ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ከጓደኛ በፍላሽ መቀባበል ልማድ ሆኗል። ተዉት። ግማሹ ቫይረስ ይዞ ነው የሚመጣው። አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በነፃ አለ። ኒውዚላንድ ውስጥ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩት ነው፤ ስሙም ከሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል መጣ። መጀመሪያ ላይ ያስለቅሳል። ኮድ ነው፣ የሚጫን ቁልፍ የለውም። ግን የሠራችሁት ሁሉ ተጽፎ ይቀራል። አማካሪያችሁ በዓመቱ "ይህ ቁጥር ከየት መጣ?" ሲላችሁ ኮዱን ከፍታችሁ ታሳያላችሁ። በማውዝ እየጠቀጠቀ የሠራ ሰው ምን ያሳያል? ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለማጣቀሻ ዞቴሮ አሉላችሁ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ጥሬ ዳታው ያለበትን ፋይል ግን ማንም አይንካ። እናንተም ጭምር። ሪድ ኦንሊ፣ ማለትም የሚነበብ እንጂ የማይቀየር፣ አድርጉትና ቅጂው ላይ ሥሩ።

ስለ ቅጂ ካነሳን፣ ማስተርሴን ስሠራ ፍላሼ ከሱሪዬ ጋር ታጠበ። እናቴ አግኝታው እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጣችልኝ። ደርቆ ሠራ! የጎዳኝም መሥራቱ ነው፤ ስለሠራ አልተማርኩም። በዓመቱ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክቼው ፋይሎቼ በሙሉ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ፋይል የሚጠቁም ምልክት ብቻ፣ ሆነው አገኘኋቸው። ለካ ቫይረሱ ደብቋቸው እንጂ አላጠፋቸውም። ይህን የሚያውቅ ልጅ እስካገኝ ድረስ ግን ሁለት ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

አሁን ሦስት ቦታ አስቀምጣለሁ፤ ላፕቶፔ ላይ፣ ቤት ያለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ። ኔትወርክ ሲያስቸግር ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ እጭናለሁ። ባለቤቴ ለምዳዋለች።

ሻይ ደርሷል መሰለኝ። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው አግኙኝ፤ የዳታ ቅጻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አብረን እናየዋለን። በወረቀት ይሁን ግን። ፍላሻችሁን እኔ ላፕቶፕ ላይ አልሰካም። አመሰግናለሁ።