ምግብ እንደ ድሮው አልጥም ሲል

እንደምን ዋላችሁ።

በዚህ አዳራሽ ክብደት ለመቀነስ የሚሠራውን ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ አላችሁ። ቀጠሮ ይዛችሁ የምትጠብቁም አላችሁ። ከእኛ ጋር አንድ ማዕድ የምትቀርቡ ባሎች፣ ሚስቶች፣ እናቶችና ልጆች መጥታችኋል። ሐኪሞችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎችም አያለሁ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለ ኪሎ አላወራም። ስለ ኪሎ የሚያወራ ሞልቷል። የማወራው ስለ ምግብ ደስታ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይህ ደስታ ይቀንሳል፣ መልኩን ይለውጣል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ለጊዜው ድራሹ ይጠፋል።

እኔም ጨጓራዬ ተቀንሷል። ከሆስፒታል ስወጣ ስለ ቁስሉ፣ ስለ ቫይታሚኑ፣ ስለ ፕሮቲኑ በደንብ ተነግሮኛል። የምወደው ምግብ ፊቴ ቀርቦ ምንም ላይመስለኝ እንደሚችል ግን በወጉ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሳይነገረው እንዳይገባበት ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። «ምግብ ናፈቀኝ» ማለት ውለታ መብላት አይደለም። ደረጃ ስትወጡ ትንፋሻችሁ አይቆራረጥም፣ ጉልበታችሁ ቀሏል፣ የስኳር መድኃኒታችሁ ተቀንሷል እንበል። በዚህ ሁሉ ደስ ብሏችሁም ከምግብ ታገኙት የነበረው ደስታ ሊናፍቃችሁ ይችላል። ሁለቱም ስሜት እውነት ነው። ብዙዎቻችን ግን «ይሄን ሁሉ አግኝተህ ደግሞ ምን ታማርራለህ» እንዳንባል ዝም እንላለን። ዝምታው ነው የሚጎዳን።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን እንይ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ራሱን አይወቅስም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ግሬሊን የሚባለውን ሆርሞን አገኙ። ግሬሊን የምግብ ፍላጎት ይቀሰቅሳል። በብዛት የሚመረተው በጨጓራ የላይኛው ክፍል ነው። ስሊቭ በሚባለው ቀዶ ሕክምና ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ ግሬሊን በብዛት የሚያመርተው ክፍልም አብሮ ይሄዳል። ባይፓስ በሚባለው ደግሞ ምግብ የሚቀበለው የጨጓራ ክፍል 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ ብቻ እንዲይዝ ሆኖ ይሠራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ምግቡ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ዘሎ ስለሚያልፍ ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ የሚባሉት የጥጋብ ሆርሞኖች ቶሎና በብዛት ይለቀቃሉ።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ዴቪድ ከሚንግስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በአመጋገብ ብቻ ክብደት የቀነሱ ሰዎች ደም ውስጥ ግሬሊን ጨምሮ ነው የተገኘው። ሰውነታቸው «አምጡ፣ መልሱ» ይላል። ባይፓስ የተሠራላቸው ላይ ግን በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። እንግዲህ ለዓመታት ከረሀብ ጋር ስትታገሉ የኖራችሁ ሁሉ፣ ነገሩ የወኔ ማነስ አልነበረም። ዛሬ ምግብ ሲያስጠላችሁም ቅብጠት አይደለም። በሁለቱም ጊዜ ሰውነት ሥራውን እየሠራ ነው።

አንጎልም ይለወጣል። ከባይፓስ በኋላ በተደረጉ የአንጎል ምስል ጥናቶች፣ ቅባትና ስኳር የበዛበት ምግብ ሲታይ የደስታ ስሜትን የሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች እንደ በፊቱ አይነቃቁም። ጣዕሙም ራሱ ይለወጣል። ድሮ ልክ የነበረው ጣፋጭ አሁን ከመጠን ያለፈ ይሆናል። ሥጋ ይከብዳል። የምጣድ ላይ ቅባት ሽታ ከሩቅ ያቅለሸልሻል። ሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ ጭራሽ ለውጥ አያይም። ስለዚህ ራሳችሁን ከጎረቤታችሁ ጋር አታወዳድሩ።

ያላደረጋችሁት እንዲገባችሁ አንድ እንቁላል ልውሰድ። ለስለስ ብሎ የተጠበሰ፣ ትኩስ እንቁላል። የመጀመሪያው ጉርሻ ግሩም ነው። ሁለተኛውም ይጥማል። በሦስተኛው ላይ ስቅ ይላችኋል፣ ወይም አፍንጫችሁ ውሃ ማውጣት ይጀምራል። ያ ምልክት ነው፤ «በቃኝ» ማለቱ ነው። አልሰማም ብላችሁ አራተኛውን ከጨመራችሁ ምራቅ አፍ ይሞላል፣ ደረት መሀል የሆነ ነገር የተቀረቀረ ያህል ይጨንቃል፣ ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ሩጫ ነው። ሳህኑ ላይ ገና ግማሹ አለ። ዓይን አልጠገበም፤ ሆድ ግን ጨርሷል። ይህን በቀን ደጋግሞ የሚያይ ሰው ገበታ ፊት መቀመጥ ቢፈራ አይፈረድበትም።

በተለይ ባይፓስ ላደረጉ ደግሞ ዳምፒንግ የሚባል ነገር አለ። ስኳር የበዛበት ነገር በፍጥነት ወደ አንጀት ሲወርድ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የሚመጣም አለ፤ ያኛው የደም ስኳር ሲወርድ ነው፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያዞራል። አንድ ሁለቴ የቀመሰው ሰው ያንን ኬክ ሲያየው እንኳ ይሸሸዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ብዙዎቻችን ሲከፋን እንበላ ነበር። ሲደክመን እንበላ ነበር። ደስ ሲለንም እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጣጣ ተሸክመን ማታ ሶፋ ላይ የምናርፈው ምግብ ይዘን ነበር። ቀዶ ሕክምናው ያንን ማረፊያ ወሰደው፤ ጣጣው ግን እዚያው አለ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ምን እንያዝ?

አንዳንዱ መጠጥ ይይዛል። ይህን ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በጣም ፈጥኖ ነው፤ አንድ ብርጭቆ የድሮው አንድ ብርጭቆ አይደለም። በመጠጥ የመጠመድ አደጋም ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሁሉም ነገር ተረጋጋ ከተባለ በኋላ፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። ሌላው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይቆነጥራል። አይስክሬም፣ ቸኮሌት፣ ብስኩት በሻይ። እነዚህ ሟሙተው ስለሚወርዱ ጨጓራ «በቃ» አይልም። እንዲህ ዓይነት ነገር ከጀመራችሁ ለሐኪማችሁ ወይም ለሥነ ልቦና ባለሙያ ንገሩ። አትፈሩ፤ ይታከማል።

ደስታው ታዲያ የት አለ? እኔ ያገኘሁት መጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች ላይ ነው። ድሮም ቢሆን የምግብ ጣዕም ከሁሉ በላይ የሚሰማን እዚያ ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው በአብዛኛው ልማድ ነው። አሁን ያለን ጥቂት ጉርሻ ከሆነ፣ ያ ጥቂት ጥሩ ይሁን። ፕሮቲን መቅደሙ አይቀርም። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ ቦታው ደግሞ ጠባብ ነው። ግን ፕሮቲን ማለት ደረቅ የዶሮ ደረት ማለት አይደለም። በተለይ ከፍሪጅ ወጥቶ ድጋሚ የሞቀ የዶሮ ደረት፣ እባካችሁ ተዉት፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ዓሣ፣ እርጎ፣ በደንብ የበሰለ ምስር፣ መረቅ ያለው ለስላሳ ሥጋ ይሻላል። ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ቅመም ነስንሱበት። ሽታ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ሞክሩ፤ ትኩስ ምግብ ነው ብዙ የሚሸተው።

ትንሽ ሳህን፣ ትንሽ ማንኪያ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውሰዱ። እየበላችሁ አትጠጡ፤ ከበላችሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ስልካችሁን አስቀምጡ፤ ስልክ እያየ የበላ ሰው ያቺን ሦስት ጉርሻ እንኳ ሳያውቃት ታልፋለች። የፕሮቲን ዱቄት በጅምላ አትግዙ፤ በዚህ ሳምንት የጣመ በሚቀጥለው ሊያቅለሸልሽ ይችላል። ዛሬ ያስጠላ ምግብም ለዘላለም አልተፈረደበትም። ጥቂት ሳምንት ቆይታችሁ ጫፉን ቅመሱት።

ጣዕም ጭራሽ ከጠፋ፣ ወይም አፍ ሁሌ ብረት ብረት ካለ፣ የዚንክ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ጠይቁ። ማስመለስ ከተደጋገመ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ፤ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ሂዱ። ቲያሚን የሚባለው ቫይታሚን ካለቀ አንጎልና ነርቭ ይጎዳል።

ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ብዙዎች ላይ የምግብ ፍላጎት በከፊል ይመለሳል። «ቀዶ ሕክምናው ከሸፈብኝ» ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ነው። አልከሸፈም። ረሀብ መሰማት ጤና ነው። ያኔ የሚጠቅማችሁ በመጀመሪያዎቹ ወራት የለመዳችሁት ቀስ ብሎ መብላት ነው።

ቀጠሮ ለያዛችሁ፣ አንድ ምክር። የስንብት ድግስ አትደግሱ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሳምንታት ቀለል ያለ አመጋገብ የሚታዘዘው ጉበት እንዲያንስና ሐኪሙ በቀላሉ እንዲሠራ ነው፤ ድግሱ በተቃራኒው ይሠራል። ይልቅ በእነዚህ ሳምንታት ምግብ ከረሀብ ውጪ ምን ይሠራላችሁ እንደነበር አስቡ። ለብቸኝነት ነው? ለንዴት ነው? ለዚያ ስሜት ከአሁኑ ሌላ ማረፊያ ፈልጉለት።

ቤተሰቦች፣ እናንተን ደግሞ እለምናለሁ። «ይቺን ብቻ፣ ለእኔ ስትል» አትበሉ። ፍቅር እንደሆነ እናውቃለን። ግን ያቺ አንዲት ጉርሻ ማታውን ሙሉ ልታስለቅስ ትችላለች። እየቆጠራችሁም አትጠብቁን። «ይሄ ይፈቀድልሃል?» የሚል ጥያቄ ከሐኪም ሲመጣ ምንም አይደለም፤ ከሚስት ሲመጣ ግን ያሳፍራል። ከገበታውም አታርቁን። ሦስት ጉርሻ በልተን ከእናንተ ጋር አንድ ሰዓት መጫወት እንችላለን። ያ ጨዋታ ለእኛ አሁን ከምግቡ በላይ ነው።

ሐኪሞቻችን፣ የመጨረሻው ለእናንተ ነው። ለክትትል ስንመጣ ሚዛን ላይ ታወጡናላችሁ፣ ደም ትወስዳላችሁ፤ እናመሰግናለን። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጨምሩልን። «ምግብ ይጥምሃል? ይጥምሻል?» በሉን። መልሱንም መዝግቡት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም ከዚያው ቀጥሉ።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ በሰው ፊት መናገር የከበደው ደግሞ ከመድረኩ ስወርድ ያናግረኝ።