ሽጉጡ የት ነው የሚቀመጠው?

የቤት ኪራዩን ነገር ዛሬ እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር። ይቆይ። የቅዳሜው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

እዚያች ያለ ፈንዲሻ ቡና አይጠጣም የምትለዋ ጓደኛዬ ቤት ነን። ቶናው እየተቀዳ ነው። ትንሿ ልጄ እዚያ ልታድር ነው፣ ፒጃማዋ ሁሉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። «እህቴ፣ ቤት ውስጥ ሽጉጥ አላችሁ እንዴ?» አልኳት። በቃ፣ ይቺን ብቻ ነው ያልኩት። ጀበናውን ማቶቱ ላይ መለሰችው። «ምን ነካሽ? እኛ እንደዚያ ነን?» አለችኝ። «እንደዚያ» ስትል እንዴት እንዳየችኝ... ባሏ ከሶፋው ላይ ቀና አለ። «አለ። ሌሊት እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ኮመዲኖ ውስጥ ነው፣ ልጆቹ አይነኩትም» አለ። በደንብ ነው የመለሰልኝ፣ ቁጣ የለውም። ግን ኮመዲኖ ቁልፍ አለው እንዴ?

እዚሁ ሜሪላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ግሬት ሚልስ ሃይስኩል የተኮሰው የ17 ዓመት ልጅ የያዘው የአባቱን ሽጉጥ ነበር። አባትየው በሕግ የያዘው ነው። ፖሊስም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፣ ፈጥኖም ደርሷል። የተተኮሰባት ተማሪ ግን ሞተች። ሚሺጋን ኦክስፎርድ ሃይስኩል ደግሞ አባትየው ሽጉጡን በገዛ በአራተኛው ቀን ልጁ አራት ተማሪ ገደለበት። በ2024 እናትም አባትም ተፈረደባቸው። ሴክሬት ሰርቪስ፣ ያ ፕሬዝዳንቱን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት፣ በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በጦር መሣሪያ ትምህርት ቤት ካጠቁት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ መሣሪያውን ያገኙት ከወላጅ ወይ ከቅርብ ዘመድ ቤት ነው። የትምህርት ቤት ስብሰባ በሄድን ቁጥር የምናወራው ግን ስለ በርና ስለ ካሜራ ነው። በሩም ይጠንክር፣ አልጠላሁም።

ልጄ የሎክዳውን ልምምዱን፣ ተኳሽ ትምህርት ቤት ቢገባ እንዴት እንደሚደበቁ፣ አሳይታኛለች። ሽንት ቤት ውስጥ ብትሆን ምን እንደምታደርግ። መቀመጫው ላይ ወጣች፣ እግሯ ከበሩ ሥር እንዳይታይ። ጉልበቷን አጠፍ አደረገች፣ ጭንቅላቷ ከላይ እንዳይታይ። «እንዲህ ነው ማሚ፣ ግን ያንሸራትታል» አለችኝ። የቤታችን ሽንት ቤት ውስጥ።

የጓደኛዬ ባልም እኮ እውነት አለው። ሌሊት ማንን እንደሚጭን አያውቅም። አያቴ ቤት ምንሽሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግነው፣ ማንም አይነካውም ነበር። ወይስ ልጅ ሆኜ አላየሁም ይሆን? እንጃ።

የዚያን ዕለት «ትንሽ አሞኛል» ብዬ ልጄን ይዣት ወጣሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተገናኘን፣ ሳመችኝ፣ ስለ ቅዳሜ ምንም አላለች። ቁልፍ ያለው ሳጥን ገዝቼ ልውሰድላቸው ይሆን? ይቀየሙኛል? ይቀየሙ እንጂ ደግሞ! ኧረ አይ፣ እህቴ ናት እኮ...

በዚህ ላይ ሐሙስ የክፍል ጓደኛዋ ልደት ጠርታታለች። ሰዎቹን ጭራሽ አላውቃቸውም። የእናትየው ስልክ ቁጥር አለኝ። ቴክስት ልጽፍላት እጀምርና እተወዋለሁ። «ሰላም፣ የእገሊት እናት ነኝ» እልና ከዚያ...